ባሕሩ ትኬት የለውም፦ ባስክ አገርን በትንሽ ገንዘብ

(ጀርመን አገር ለምንኖር ወገኖች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ።

ባለፈው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ዘጠኝ ቀን ሰሜን ስፔን ባለው ባስክ አገር ነበርኩ። ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ስንት ፈጀብህ?» ይለኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። ብዙዎቻችን በፈረቃ ነው የምንሠራው። ቤት ኪራይ አለ። አገር ቤት የሚላክ አለ። ዕረፍት የምንወጣው ከዚህ ሁሉ በተረፈው ነው።

ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አውሮፕላኑንና አልጋውን ትተን በቀን 30 ዩሮ ገደማ ነው ያወጣሁት። ምሳ፣ እራት፣ ባቡር፣ አውቶቡስ፣ ቡናም ጭምር። ተርቤ አላደርኩም፤ ጠግቤ ነው የተመለስኩት።

ቦታው ርካሽ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ያለችው ሳን ሴባስቲያን ስፔን ውስጥ ውድ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት። ግን እዚያ ጥሩ ጥሩው ነገር የጋራ ነው። ስፔን ውስጥ የግል ቢች የሚባል ነገር የለም። በፈረንጆቹ 1978 የወጣው ሕገ መንግሥታቸው ራሱ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው ይላል። ተራራው ላይ በእግር መውጣት በነጻ ነው። በዓሉ የሚከበረው መንገድ ላይ ነው። ሚሊየነሩ የሚዋኝበት ውሃና እኔ የዋኘሁበት ውሃ አንድ ነው። ይሄን ካወቅን ገንዘቡን የት ማውጣት እንዳለብን፣ የት ደግሞ እንደሌለብን እናውቃለን።

መጀመሪያ ስለ ሰዎቹ ጥቂት ልበል። ባስኮች የሚኖሩት በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር ግራና ቀኝ ነው። በስፔን በኩል ቢስካያ፣ ጊፑስኮአና አላቫ የሚባሉ ሦስት አውራጃዎች አሉ፤ አንድ ላይ ራስ ገዝ ናቸው። ቋንቋቸው ኤውስካራ ይባላል። ከስፓኒሽም ከፈረንሳይኛም ጋር ዝምድና የለውም። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ዘመድ የተገኘለት ቋንቋ አይደለም። አምባገነኑ ጄኔራል ፍራንኮ ስፔንን በገዛበት ዘመን በትምህርት ቤትና በአደባባይ ታፍኖ ነበር። ዛሬ የመንገድ ምልክቱ በአብዛኛው በሁለት ቋንቋ ነው የሚጻፈው።

ይሄ ለመንገደኛም ይጠቅማል። ሳን ሴባስቲያን በኤውስካራ ዶኖስቲያ ናት። ቪቶሪያ ጋስቴይስ ትባላለች። አውቶቡሱ ግንባር ላይ አንዱን ስም ብቻ አይታችሁ «የኔ አይደለም» ብላችሁ እንዳታሳልፉት። ሦስት ቃል ደግሞ ያዙ። «ካይሾ» ማለት ሰላም ነው። «ኤስኬሪክ አስኮ» በጣም አመሰግናለሁ ነው። «አጉር» ደህና ሁኑ ነው። ካፌ ገብታችሁ «ካይሾ» ስትሉ የሰውየው ፊት ይፈታል። እዚህ አገር አንድ ጎረቤት «ሰላም ነው?» ብሎ በአማርኛ ሲጠይቀን ደስ እንደሚለን ማለት ነው።

እኔ የገባሁት በቢልባኦ ነው። እናንተም በዚያ ግቡ። አልጋ ከሳን ሴባስቲያን ይቀላል፤ አውሮፕላኑም አውቶቡሱም ሜትሮውም እዚያ ይገናኛል። ከተማዋ የብረትና የመርከብ ከተማ ነበረች። በ1980ዎቹ ፋብሪካው እየተዘጋ ሥራ ጠፋ። በ1983 ደግሞ ጎርፍ አሮጌውን ሰፈር አጥለቀለቀው። ከዚያ ነው የተነሱት። ሜትሮው በ1995 ተከፈተ። ጉገንሃይም ሙዚየም በ1997 ተከፈተ። ወንዙ ዳር በቲታንየም ተሸፍኖ የቆመው ሕንፃ ያ ነው፤ የነደፈው አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ ነው። ውስጡን ለማየት ይከፈላል። ውጪው ግን በነጻ ነው። በአበባ የተሠራው ግዙፍ ቡችላ ውጪ ነው። የነሐስ ሸረሪቷም ውጪ ናት። እኔ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ ዞርኩት። የጠዋቱ ቲታንየም ግራጫ ነው፤ ማታ ፀሐይ ስትወርድበት ወርቅ ይመስላል። ሁለቱንም እዩ።

ቢልባኦ እንደደረሳችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ ባሪክ ካርድ መግዛት ይሁን። ሜትሮ ጣቢያ ማሽን አለ። ካርዱ ራሱ 3 ዩሮ ነው፤ ከዚያ በላይ የምትሞሉት የመጓጓዣ ገንዘባችሁ ነው። በሜትሮ፣ በትራም፣ በአውቶቡስ፣ ኤውስኮትሬን በሚባለው ባቡርም ይሠራል። ከነጠላ ትኬት ግማሽ ገደማ ይቀንስላችኋል። ስም አይጻፍበትም። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ካርድ ይበቃል፤ በሩ ላይ አንዱ ነክቶ ገብቶ ለሌላው ያቀብላል። ለአራት ሰው አራት ካርድ የገዛ ቤተሰብ አይቻለሁ፤ ያ 9 ዩሮ ሦስት ቀን ቁርስ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ባሕሩ። የቢልባኦ ሜትሮ ባሕር ያደርሳል። በአንደኛው መስመር ወደ ፕሌንትሲያ የሚሄደውን ትይዛላችሁ። ሶፔላ ላይ ከወረዳችሁ ጥቂት በእግር ሄዳችሁ ገደል አፋፍ ላይ ትቆማላችሁ። ከሥራችሁ ረጅም አሸዋ፣ ፊት ለፊት ውቅያኖስ ነው። ማዕበሉ ትልቅ ስለሆነ በሰሌዳ ማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች የሚመጡት እዚያ ነው። ልጆች ከያዛችሁ ግን ሶፔላ አትውረዱ። እስከ መጨረሻው ፕሌንትሲያ ሂዱ፤ ከዚያ ጎርሊስ ቅርብ ነው። ባሕሩ እዚያ በተራራ ታቅፎ ስለገባ ጸጥ ያለ ነው፤ ሩቅ ድረስ ጉልበት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። አብዛኞቻችን ውቅያኖስ አጠገብ አላደግንም። ሐይቅና ወንዝ ነው የምናውቀው። ይሄ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲሞላና ሲጎድል ያለው ልዩነት አንዳንድ ቀን ከአንድ ፎቅ ቁመት ይበልጣል። እኔ ሶፔላ ላይ ጫማዬንና ቦርሳዬን ደረቅ አሸዋ ላይ ትቼ ለአንድ ሰዓት ያህል ዳርቻውን ተራመድኩ። ስመለስ ቦታው ባሕር ሆኗል። ቦርሳውን አንዲት ሴት አንስታልኝ አገኘሁት፤ ጫማው ሄደ። ጫማ ይተካል። ገደል ሥር ሆናችሁ ውሃው መመለሻ መንገዱን ቢዘጋባችሁስ? ስለዚህ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት የባሕሩን የመሙያ ሰዓት ስልካችሁ ላይ እዩ። ባንዲራውን ደግሞ አክብሩ። አረንጓዴ ግቡ ነው። ቢጫ ተጠንቀቁ ነው። ቀይ ከሆነ እግራችሁንም አታስነኩ። ዋና የሚችል ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚወሰደው፣ ስለሚተማመን።

በዚያው የሜትሮ መስመር አሬታ ላይ ውረዱና ድልድዩን እዩ። በ1893 የተሠራ የብረት ድልድይ ነው። መኪናና ሰው የሚሻገረው ከላይ በገመድ በተንጠለጠለ ሳጥን መሰል ነገር ነው። እንዲህ ያለ ድልድይ በዓለም የመጀመሪያው ይሄ ነው፤ ዩኔስኮ በ2006 መዝግቦታል። መሻገሪያው ከ1 ዩሮ በታች ነው። የሰፈሩ ሰው ገበያ ሲሄድ በሱ ነው የሚሻገረው።

ቀጥሎ የምነግራችሁ መዝናኛ አይደለም፤ ግን ሳልነግራችሁ አልወርድም። ከቢልባኦ ጌርኒካ በኤውስኮትሬን አንድ ሰዓት አይሞላም። መንገድ ላይ ባቡሩ አሞሬቢዬታ የምትባል ከተማ ይቆማል። በ1993 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የተካሄደው እዚያ ነው፤ የእኛም ሯጮች ሮጠውባታል። ባስኮች አገር አቋራጭ ሩጫ ይወዳሉ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሰሙ አንድ ሽማግሌ ባቡሩ ውስጥ እጃቸውን እንደ ሯጭ እያወዛወዙ ሳቁልኝ።

ጌርኒካ ውስጥ አንድ የወይራ ዛፍ የሚያህል ባለታሪክ ኦክ ዛፍ አለ። የቢስካያ ሰዎች ድሮ የሚሰበሰቡት በዛፉ ሥር ነበር። ገዢያቸውም መብታቸውን እንደሚያከብር የሚምለው እዚያው ነበር። እኛ ዋርካ ሥር እንደምንሸመግለው ማለት ነው። የዛሬው ዛፍ ከአሮጌው የተገኘ ተተኪ ነው። የአሮጌው ግንድ በአጠገቡ ቆሟል። ወደ ግቢውና ወደ ምክር ቤቱ መግቢያ አይከፈልም።

ሚያዝያ 18 ቀን 1929፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 26 ቀን 1937፣ ሰኞ ቀን ነበር። የገበያ ቀን። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፍራንኮን የሚረዱ የጀርመንና የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ለሦስት ሰዓት ያህል ከተማዋን ደበደቡ። ከዚያ በፊት ባለው ወር ዱራንጎ የምትባለውን ሌላ የባስክ ከተማ የጣሊያን አውሮፕላኖች መትተዋት ነበር። አሁን ቀኖቹን አስተያዩ። የጣሊያን አየር ኃይል ደሴን የደበደበው ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። የአዲስ አበባው ጭፍጨፋ የካቲት 12 ቀን 1929 ነው። ጌርኒካ የተቃጠለችው ከዚያ ሁለት ወር ቆይታ ነው። አንድ ኃይል፣ በአንድ ዘመን። ጌርኒካን ዓለም በፒካሶ ሥዕል ያውቃታል። ደሴን የሚያውቃት ማነው? መንገድ ላይ በሸክላ የተሠራውን የሥዕሉን ቅጂ ቆሜ ሳይ የአያቴ ወሬ ነው የመጣብኝ፤ ሰው በረሃ ገደል ውስጥ እየተደበቀ አውሮፕላን ሲያሳልፍ።

የያኔው የጀርመን ፕሬዚዳንት ሮማን ሄርሶግ በፈረንጆቹ 1997 ለተረፉት ሰዎች ደብዳቤ ጽፈው የጀርመን አውሮፕላኖች ያደረጉትን አምነዋል። እኛ እዚህ አገር ልጆች የምናሳድግ ሰዎች ነን። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀን ስጡትና ጌርኒካ ውሰዷቸው። ሰኞ ከሆነ ገበያውን ታገኙታላችሁ። ዛሬም ሰኞ ሰኞ ገበያ ነው።

ከጌርኒካ ያው ባቡር ይቀጥልና ሙንዳካ ያደርሳል። ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ ባሕር ላይ የተቀመጠች ትመስላለች። ግማሽ ቀን ይበቃታል።

ወደ ሳን ሴባስቲያን እንሂድ። ከቢልባኦ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ ነው። በኤውስኮትሬን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ መንደር ለመንደር ስለሚዞር ጊዜ ካላችሁ ደስ ይላል። አልጋ ግን ከተማው መሐል አትያዙ። በኦገስትማ አይታሰብም። እኔ ኢሩን የምትባል ጎረቤት ከተማ ነው ያደርኩት። ኤሬንቴሪያም ይሆናል። ሁለቱንም ከሳን ሴባስቲያን ጋር የሚያገናኝ «ቶፖ» የሚባል ባቡር አለ። ቶፖ ማለት ፍልፈል ማለት ነው፤ ዋሻ ስለሚበዛበት ነው ያወጡለት። አልጋችሁ ኢሩን፣ ቀናችሁ ዶኖስቲያ ይሁን።

ከተማዋ ሦስት ቢች አላት። ላ ኮንቻ መሐል ላይ ናት፤ እንደ ጨረቃ ጎብጣ ተኝታለች። ኦንዳሬታ ከጎኗ ናት። ሱሪዮላ ከወንዙ ማዶ ግሮስ ሰፈር ናት፤ ወጣቱ እዚያ ነው። ኡርጉል ተራራ ላይ በእግር ውጡ፤ ላ ኮንቻን ከላይ ታያላችሁ። ከኦንዳሬታ ጫፍ ደግሞ ኤድዋርዶ ቺዪዳ የሠራቸው የብረት ቅርጾች ዓለቱ ውስጥ ተተክለዋል። ማዕበል ሲመጣ ከመሬቱ በተበጀ ቀዳዳ አየርና ውሃ እየጮኸ ይወጣል። ይሄ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ምግቡ ላይ ነው ገንዘብ የሚጠፋው። ፒንቾ የሚባል ነገር አለ። ቁራጭ ዳቦ ላይ ዓሣ፣ እንቁላል፣ እንጉዳይ፣ የፈለጉትን ያኖሩበታል። ባንኮኒው ላይ ተደርድሮ ስታዩት ያስጎመጃል። አንዱ ከ2 እስከ 4 ዩሮ ነው። ትንሽ ስለሆነ አይታወቃችሁም፤ ስድስት በልታችሁ ስትነሱ 20 ዩሮ ሊያልፍ ይችላል። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። በሥራ ቀን ምሳ ሰዓት «ሜኑ ዴል ዲያ» እበላለሁ። የመጀመሪያ ሳህን፣ ሁለተኛ ሳህን፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ ጣፋጭ፤ 15 ዩሮ ገደማ። ማታ አንድ ወይም ሁለት ፒንቾ ቆሜ እበላለሁ። ቁርስ ከሱፐርማርኬት ነው። ኤሮስኪ የሚባለውን ታገኙታላችሁ፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመ የባስኮች ሱቅ ነው። የቧንቧ ውሃው ንጹሕ ነው፤ ጠርሙስ ይዛችሁ ሙሉ።

ሐሙስ ማታ ግሮስ ሰፈር ሂዱ። «ፒንቾ ፖቴ» ይሉታል። አንድ መጠጥና አንድ ፒንቾ በጥቂት ዩሮ ይሰጧችኋል። ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ላይ ይወጣል። አያቶች፣ ሕፃን ጋሪ ውስጥ፣ ተማሪው ሁሉ። የእኔ ሐሙስ እንቁጣጣሽ ላይ ነበር የዋለው። ብቻዬን ነበርኩና ከፍቶኝ ነው የወጣሁት። አጠገቤ የቆሙት ባልና ሚስት ምን ሆንክ አሉኝ። ዛሬ በእኛ ዘመን መለወጫ ነው አልኳቸው። ብርጭቆ አነሱልኝ። ሴትዮዋ የኢትዮጵያን ዓመት ስነግራት በጣቷ እየቆጠረች «እንግዲያው እኔ በሰባት ዓመት አነስኩ ማለት ነው» አለች።

ስለ ጾምና ስለ አሳማ ሥጋ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ላብራራ። አሳማ በየቦታው አለ። «ሃሞን» እና «ቾሪሶ» አሳማ ናቸው። ባቄላ ወጥ ውስጥም ይጨምሩታል። «ሲን ካርኔ»፣ ያለ ሥጋ፣ ማለት ብቻ አይበቃም፤ አንዳንዱ ሃሞንን ከሥጋ አይቆጥረውም። «ሲን ሃሞን፣ ሲን ቾሪሶ» ብላችሁ ለይታችሁ ተናገሩ። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ የአውሮፓ ዕረፍት መሐል ላይ ይወድቃል። ለጾመኛ የጌርኒካ ቃሪያ አለ። ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ የማያቃጥል ቃሪያ ነው፤ በዘይት ጠብሰው ጨው ይነሰንሱበታል። ቲማቲም ሰላጣ፣ ወይራ፣ እንጉዳይ፣ ዳቦ አለ። በዚያ መዋል ይቻላል። ሙስሊም እህትና ወንድሞቼ ዓሣው ያድናችኋል፤ ዓሣው በጣም ጥሩ ነው።

ወሩን ከጠየቃችሁኝ ሴፕቴምበር እላለሁ። ዋጋው ይወርዳል፣ ባሕሩ ገና ሞቅ ያለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች ላ ኮንቻ ላይ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር አለ። ከ1879 ጀምሮ ያለ ነው። በአንድ ጀልባ 13 ቀዛፊና አንድ መሪ ይሆናሉ። የየመንደሩ ሰው በቀለሙ ለብሶ ይመጣል፤ ኦሪዮ ቢጫ፣ ኦንዳሪቢያ አረንጓዴ ነው። ኡርጉል ሥር ዳቦና አይብ ይዤ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ያለ ጩኸት የሰማሁት ስታዲየም ውስጥ ብቻ ነው። ዝናብ ግን አይቀርም። ካፍያውን «ሲሪሚሪ» ይሉታል፤ ቀጭን ጃኬት ያዙ።

አንድ ቀን ለሳራውትስና ለጌታሪያ ስጡ። ሳራውትስ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን አሸዋ አላት። ከዚያ ጌታሪያ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕሩን ታኮ የሚሄድ የእግረኛ መንገድ አለ። ማዕበል ሲበረታ ያርሳችኋል። ጌታሪያ የኤልካኖ አገር ናት። ዓለምን ለመጀመሪያ ጊዜ የዞረውን መርከብ በ1522 የመለሰው እሱ ነው። ከሰል ላይ የሚጠበሰው ዓሣ ሽታ መንገዱን ይሞላዋል። ዋጋው ግን ለእኔ አልሆነም። የዚያን ቀን ዳቦና ሳርዲን በላሁ።

የመጨረሻው ቢዳሶአ ነው። ወንዙ ስፔንንና ፈረንሳይን ይለያል። ከኦንዳሪቢያ ወደ ኤንዳያ ትንሽ ጀልባ አለች። በጥቂት ዩሮ፣ ከአሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ፈረንሳይ ናችሁ። ኤንዳያ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳ አሸዋ አላት፤ ለልጆች ከዚያ የተሻለ አላየሁም። አይስክሬም የያዙ ቱሪስቶች ጋር ተሳፈርኩ። ማንም ምንም አልጠየቀንም።

ግን በዚያው ወንዝ በ2021 አፍሪካውያን ወጣቶች ሰጥመው ሞተዋል። ድልድዩና ባቡሩ ላይ የፈረንሳይ ፖሊስ ስለሚፈትሽ ወረቀት ያልነበራቸው በዋና ሊሻገሩ ሞከሩ። እኔ የኢሩኑ ድልድይ ላይ ቆሜ ውሃውን አየሁት። ጠባብ ነው። ማዶ ያለ ሰው ቢጣራ ይሰማል። እዚህ ካለነው መሐል በባሕር የመጣ አለ፤ ወንድሙን ያጣም አለ። ስለዚህ እዚያ ስትደርሱ ለቅጽበት ቁሙላቸው። ለራሳችሁም መኖሪያ ፈቃዳችሁንና ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ተሻገሩ፤ ኮፒ አይበቃም። ቶፖው ውስጥ እኔን ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ጎኔ የተቀመጠውን ነጭ ሰው አልጠየቁትም።

እትዬ፣ ቅድም እጅዎን አንስተው ነበር። ከሦስት ልጅ ጋር የት ልረፍ ነው ያሉት? ኢሩን ይረፉ። ጠዋት ኤንዳያ፣ ከሰዓት ዶኖስቲያ። ወጥ ቤት ያለው ክፍል ይያዙ፤ ሽሮውን ከዚህ ይዘው ይሂዱ። ለሴፕቴምበር ከሆነ አሁን መያዝ ይጀምሩ።

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ። ባሪክ ካርዴም እዚያው ነው። 7 ዩሮ ገደማ ቀርቶበታል። መጀመሪያ የሚሄደው ይውሰደውና ሲመለስ ሞልቶበት ለቀጣዩ ይስጥ።